«አስፈረመኝ» ወይስ «ፈረምኩ»?

የጠያቂው መልእክት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሊፍት ጥገና ላይ ነው የምሰራው። ከ20 ሰዓት በላይ እንቅልፍ ሳላይ ሰርቼ ልወጣ ስል ጠዋት ላይ አለቃዬ ቼክሊስት ይዞ መጣና አስፈረመኝ። ወረቀቱ ላይ ፍሬኑም ገመዱም ‘ታይቷል፣ ደህና ነው’ ይላል፣ እኔ ግን ያን ቀን ሊፍቱን አልነካሁትም። ‘ካልፈረምክ ነገ እንዳትመጣ’ አለኝ። ፈረምኩ። እስካሁን ምንም አልሆነም። አንዱ ጓደኛዬ ተገደህ ነው አትጠየቅም ይለኛል፣ ሌላው እጅህ አይደል እንዴ የፈረመው ይለኛል። በፈቃዴ ነው ያደረግኩት ይባላል? በሞራል እጠየቅበታለሁ ወይ?»

እሺ ወንድሜ። ግብረገብና ፍልስፍና ማስተማር ከጀመርኩ ከአስር አመት በላይ ሆኖኛል፣ እና እንዲህ አይነት ጥያቄ ክፍል ውስጥ ቢመጣልኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር፣ አንተ ግን ለፈተና አይደለም የምትጠይቀው፣ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ የሚመስለኝን እነግርሃለሁ። የማወራው ስለ ሞራል ነው፣ ስለ ህጉ ጠበቃ ጠይቅ።

ጥያቄህን ሳነበው መጀመሪያ አይኔ ያረፈው ምን ላይ መሰለህ፣ ከላይ «አስፈረመኝ» አልክ፣ ሶስት አረፍተ ነገር ቆይተህ ደግሞ «ፈረምኩ» አልክ። ይሄ እንዲሁ የመጣ አይመስለኝም። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ የዋዛ ቋንቋ አይደለም፣ ብርጭቆ ከእጅህ ሾልኮ ሲወድቅ «ተሰበረብኝ» ነው የምትለው፣ ተናደህ ግድግዳ ላይ ስትወረውረው ግን «ተሰበረብኝ» ብትል እናትህም አትሰማህም፣ ሰብረኸዋል። ያላሰብከው ቃል ከአፍህ ሲወጣ «አመለጠኝ» ነው፣ አስበህበት የተናገርከው ደግሞ «ተናገርኩ» ነው። ማለትም ማን ምን አደረገ የሚለውን ከመጠየቃችን በፊት ግሱ ራሱ ፍርድ ሰጥቶ ይጨርሳል። እና አንተ «አስፈረመኝ» ስትል የአረፍተ ነገሩ ባለቤት አለቃህ ነው፣ አንተ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ሆነህ ቀርተሃል። «ፈረምኩ» ስትል ግን ራስህ ባለቤት ሆነህ ቁጭ አልክ። ህሊናህ ሁለቱን እያመላለሰ ነው ያለው፣ ጓደኞችህም አንዳንዱን ይዘው ነው የሚከራከሩት።

እኔ የማስበው ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። አስፈርሞሃል፣ ፈርመሃልም። ከዛ በኋላ «ስራው የማን ነው» የሚለውና «ምን ያህል ይወቀስበታል» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚምታታበት እሱ ጋ ነው። ወቀሳው እንዲቀልለት ሲፈልግ ስራውን የኔ አይደለም ይላል፣ ወይም ስራው የሱ መሆኑን ሲያምን ወቀሳውን ሙሉውን ይሸከማል።

ከቀላሉ እንጀምር። «እጅ ጥምዘዛ» የምንለው ነገር አለ አይደል፣ አብዛኛውን ጊዜ በምሳሌ ነው የምንለው። እስቲ በምሳሌ ሳይሆን በቁሙ አስበው፦ አለቃህ እጅህን ይዞ፣ እስክሪብቶውን ጣቶችህ መሀል ሰክቶ፣ ወረቀቱ ላይ እየጎተተ ፊርማህን የመሰለ ነገር ቢያስቸከችክህ ኖሮ እዚህ ጋ ጨዋታው ያልቃል፣ አንተ እዛ ውስጥ እንደ እስክሪብቶው እቃ ነህ። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ይሄን አስቀምጦታል፣ በግድ ተደረገ የሚባለው መነሻው ከሰውየው ውጪ የሆነና ሰውየው ምንም ያላዋጣበት ነገር ነው፣ ለምሳሌ ነፋስ አንስቶ ሲወስደው። «ምንም ያላዋጣበት» የምትለዋን ልብ በል። አንተ ያን ጠዋት አዋጥተሃል። ወረቀቱን አየህ፣ ዛቻውን ሰማህ፣ ምናልባት ለሁለት ሶስት ሰከንድ አመነታህ፣ ስለ ስራህ አሰብክ፣ እጅህን ዘረጋህ። ያቺ ሁለት ሰከንድ ናት ነገሩን ያንተ የምታደርገው።

ከአንተ የሚወጣ ነገር ሁሉ ያንተ ስራ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈላስፋና የሃይማኖት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ «ከሰው የሚወጣ ነገር» እና «የሰው ስራ» ብሎ ይለያቸዋል። ማስነጠስ፣ እንቅልፍ ላይ መገላበጥ፣ ሳታስበው ጺምህን ማሻሸት፣ እነዚህ ከሰው ይወጣሉ ግን አስቦና ፈቅዶ ያደረጋቸው የለም። በዚህ በኩል እስካሁን የሚያነጋግር ጉዳይ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ አካባቢ አንድ የ23 አመት ወጣት ሌሊት ከተኛበት ተነስቶ ወደ 23 ኪሎ ሜትር መኪና ነድቶ የሚስቱን እናት ገደለ፣ አባቷንም ክፉኛ አቆሰለ፣ ከዛ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ፍርድ ቤቱ ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ነበር የሚለውን መከራከሪያ ተቀብሎ በነጻ አሰናበተው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 አጸናው። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም ነበር፣ 23 ኪሎ ሜትር! ግን የህክምና ማስረጃው ጠንካራ ነበር፣ ሟቿን ለመግደል የሚያበቃ ምክንያትም አልነበረውም።

ከዚህ ጎን ሌላ ጉዳይ ላስቀምጥልህ፣ ምክንያቱም ወደ አንተ ድካም የሚወስደን እሱ ነው። በ1955 ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አንድ ሹፌር መሪ ላይ እያለ የሚጥል በሽታው ተነሳበት፣ መኪናው እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ አራት ተማሪ ልጆች ሞቱ። ያቺን ደቂቃ ብቻ ካየህ ሰውየው ከእንቅልፍ ልቡ ሰው አይለይም፣ እጁም እግሩም በቁጥጥሩ ስር አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን ይሄን ሰበብ አልተቀበለውም፣ ምክንያቱም በሽታው እንዳለበትና እንደሚጥለው እያወቀ ብቻውን መሪ ጨብጧል። ማለትም ያንን ደቂቃ ተወውና ወደ ኋላ ሂድ፣ ቁልፉን ያዞረባትን ደቂቃ ፈልግ፣ እዛ ጋ ሰውየው ሙሉ አእምሮ ነበረው። ጥያቄው ሁልጊዜ ይሄ ነው፦ አሁን መቆጣጠር ካልቻልክ፣ መቆጣጠር የምትችልበት የመጨረሻዋ ደቂቃ የት ነበረች? ይሄ አዲስ ሃሳብ አይደለም፣ አርስቶትል የሚጠቅሰው ጥንታዊ ህግ አለ፣ ሰክሮ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ ነው የሚል፣ አለመስከር ይችል ነበራ።

አሁን ወደ ድካምህ። ከ20 ሰዓት በላይ ሳትተኛ ነበርክ ብለሃል፣ ይሄን ቀለል አድርጌ አላየውም። በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የመስራት ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን፣ ወደ 24 ሰዓት ሲጠጋ ደግሞ 0.10 በመቶ እንዳለበት ሰው እንደሚሆን አሳይቷል። ስለዚህ ያን ጠዋት ወረቀቱ ፊትህ ሲቀርብ ግማሽ ሰካራም ነበርክ ቢባል ውሸት አይደለም። ልዩነቱ ሰካራሙ ራሱ ጠጥቶ ነው፣ አንተን ያን ያህል ሰዓት ያቆመህ ማነው? ፈረቃውን ያወጣው አለቃህ ከሆነ ድካሙን ወደ ኋላ ተከትለን ስንሄድ የምናገኘው እሱን ነው፣ መጀመሪያ አድክሞህ ከዛ ደግሞ ወረቀት ይዞ መጣ። አንተ ትርፍ ሰዓት ፈልገህ በራስህ ጊዜ ከሆነ ግን ትንሽ ይለያል። እሱን አልጻፍክልንም።

እዚህ ጋ የራሴን ልናገር፣ ሌላውን ብቻ መፍረድ ጥሩ አይደለም። አንድ ሴሚስተር መጨረሻ ላይ የማርመው ወረቀት ተከምሮብኝ፣ ውጤት የማስገቢያው ቀን ነገ ነው ተብሎ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ የቀሩኝን ስድስት ድርሰቶች የመጀመሪያ ገጻቸውን ብቻ አይቼ ማርክ ሰጠሁ። ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ አያውቁም። ለራሴ የነገርኩት ምን ነበር? «ድካም አሸነፈኝ»። አየህ እኔም ግሱን ቀየርኩት፣ ድካም ባለቤት ሆነ እኔ «ኝ» ሆንኩ። ግን ስድስተኛዋን ወረቀት ስይዝ በደንብ አስታውሳለሁ፣ ገለጥ አድርጌ ሶስተኛው ገጽ ላይ በቀይ የተሰመረበት ነገር አየሁ፣ ማንበብ እንዳለብኝ አወቅኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ገጹን የዘጋው ድካም አይደለም።

እና ወንድሜ ድካም የሚያደርገው ነገር አለ፣ ፍርድን ያደበዝዛል፣ ወቀሳን ያቀላል፣ ከዛ አልፎ ግን አንተን ከቦታው አያጠፋህም፣ ቢያንስ «አላየሁትም» የሚለው ሃሳብ ጭንቅላትህ ውስጥ እስካለ ድረስ። አንተም እንደነበረ ራስህ ነግረኸናል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ፍርሃቱ ጋ። የታወቀው ምሳሌ የመርከብ ነው። ካፒቴን እቃ ጭኖ ባህር ላይ ማዕበል ይነሳል፣ መርከቡ ሊሰጥም ነው፣ ጭነቱን አውጥቶ ባህር ውስጥ ይጥላል። ፈልጎ ነው? ማንም ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ንብረት ባህር አይጥልም። ተገዶ ነው? ማንም አልያዘውም፣ ራሱ ነው «ጣሉት!» ብሎ ያዘዘው። አርስቶትል ይሄን የተቀላቀለ ስራ ይለዋል፣ ግን ሲፈርድ ወደ ፈቃድ ያደላል፣ ምክንያቱም ስራው የሚመዘነው በተሰራባት ሰዓት ነው፣ በዛች ሰዓት ደግሞ ካፒቴኑ መርጧል። አኩዊናስ እሱን ተከትሎ ከፍርሃት የተነሳ የተደረገ ነገር በመሰረቱ በፈቃድ ነው፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ያለፈቃድ ነው ይላል፣ ማለትም ማዕበሉ ባይኖር አያደርገውም ነበር።

የካፒቴኑ ምሳሌ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ካፒቴኑ ይቅር የተባለው ስለፈራ አለመሆኑ ነው፣ እንዲያውም እናመሰግነዋለን። የምናመሰግነው የጣለው ነገር እቃ፣ ያተረፈው ነገር ሰው ስለሆነ ነው። ገልብጠው እስቲ፣ እቃውን ለማትረፍ ብሎ ሁለት መርከበኛ ባህር ቢወረውር ፍርሃቱ ያው ፍርሃት ነው፣ ማዕበሉም ያው ማዕበል ነው፣ ካፒቴኑን ግን ነፍሰ ገዳይ ነው የምንለው። ስለዚህ ፍርሃት ብቻውን ሰበብ አይሆንም፣ የሚመዘነው ምን ለማዳን ምን ሰጠህ የሚለው ነው። አንተ ያዳንከው ስራህን ነው፣ የሰጠኸው ደግሞ እዛ ሊፍት ውስጥ የሚገቡ ሰዎችን ደህንነት ነው፣ እርግጠኛ ሞት ባይሆንም አደጋን ነው። ስራ ማጣት ቀላል ነው እያልኩህ አይደለም፣ የሚያስተዳድረው ሰው ያለው ሰው ነገ እንዳትመጣ ሲባል ሆዱ ውስጥ የሚሰማውን አውቀዋለሁ። ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ግን ያጋድላል፣ ወዴት እንደሚያጋድል አንተም ታውቀዋለህ፣ ባታውቅ ባልጠየቅከን።

ዛቻው ስራ ሳይሆን ነፍስ ቢሆንስ? ይሄን የምጠይቀው ካንተ ጉዳይ ጋር ላወዳድረው አይደለም፣ ጫፉ የት ድረስ እንደሆነ እንድታየው ነው። ድራዠን ኤርዴሞቪች የሚባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወታደር ሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. ቦስኒያ ውስጥ በስሬብሬኒካ እልቂት ጊዜ በአውቶቡስ እየተጫኑ የመጡ ሲቪሎችን እንዲረሽን ታዘዘ። እምቢ ሲል «ካዘንክላቸው አብረሃቸው ተሰለፍ፣ አንተንም እንገድልሃለን» ተባለ። ተኮሰ፣ በራሱ ግምት ወደ 70 ሰው ገደለ። በኋላ ራሱ ተናግሮ ሄግ በሚገኘው የዩጎዝላቪያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1997 የይግባኝ ችሎቱ ሶስት ለሁለት ተከፈለ፣ ሶስቱ ዳኞች ንጹሃንን የገደለ ሰው የራሱ ነፍስ አደጋ ላይ ነበረች ተብሎ ሙሉ ለሙሉ ነጻ አይወጣም አሉ። በሃሳብ ከተለዩት አንዱ አንቶኒዮ ካሴሴ ደግሞ ሰዎቹ እሱ ተኮሰም አልተኮሰም የሚሞቱ ከሆነ፣ እምቢ ብሎ ቢሞት የሚያድነው ሰው ከሌለ፣ ህጉ ጀግና ሁን ብሎ ሊያስገድደው አይገባም የሚል ክርክር አቀረበ። መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የተፈረደበት 10 አመት ወደ 5 አመት ወረደ። እኔ ይሄን ጉዳይ ሳስተምር ክፍሉ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል፣ እኔም በየአመቱ ሃሳቤን ስቀያይር ነው የምኖረው፣ አሁን ላይ ወደ ካሴሴ ነኝ። ግን ሶስቱም ሁለቱም ዳኞች የተስማሙበትን ነገር እይልኝ፣ ማናቸውም ኤርዴሞቪች አልተኮሰም ወይም ተኩሱ የሱ አይደለም አላለም። ጭቅጭቁ በወቀሳው ላይ ነው እንጂ በባለቤትነቱ ላይ አይደለም። ሞት ተደቅኖበት እንኳን «ተኮስኩ» እንጂ «ተተኮሰብኝ» አልሆነም።

ያንተ ዛቻ ከዚህ ጋር ሲተያይ የት እንዳለ ግልጽ ነው። ደግሞ አንድ ጥያቄ ለራስህ ብቻ መልስ፦ አለቃህ ባይዝትብህ፣ በቀስታ «ይቺን ፈርምልኝና ሂድ ተኛ» ቢልህ ትፈርም ነበር? እንደዛ ደክመህ ሳለ ምናልባት ትፈርም ነበር። የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ሎክ እንቅልፍ ላይ ተሸክመው አንድ ክፍል ውስጥ ስላስገቡት ሰው ያነሳል፣ ሲነቃ ሊያየው የሚጓጓለት ሰው አጠገቡ አለ፣ በሩ ተቆልፏል እሱ ግን አያውቅም፣ ደስ ብሎት ይቀመጣል። መውጣት አይችልም፣ ሆኖም የተቀመጠው ፈልጎ ነው። ዛቻም አንዳንዴ እንደዛ የተቆለፈ በር ነው፣ በሩን ሳንሞክረው ቁጭ ብለን በኋላ ሰው ሲጠይቀን «ተቆልፎብኝ ነው» እንላለን። አንተ ላይ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ያን ጠዋት እዛ የነበርከው አንተ ነህ።

እውቀት ጋ እንምጣ። ሰው በሚሰራው ነገር የሚጠየቀው ምን እየሰራ እንደሆነ ሲያውቅ ነው፣ መድሃኒት መስሎት ጠርሙሱ ተቀያይሮበት መርዝ የሰጠን ነርስ ገዳይ አንለውም። አንተም «ፍሬኑ መበላሸቱን እኔ በምን አውቃለሁ» ልትል ትችላለህ፣ እውነት ነው፣ አታውቅም፣ ምናልባትም ፍሬኑ አሪፍ ነው። ነገር ግን የፈረምከው «ፍሬኑ ደህና ነው» በሚለው ላይ ብቻ አይደለም፣ «ታይቷል» በሚለው ላይም ነው። አለመታየቱን ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው አለም ላይ የለም። ስለ ፍሬኑ ያለህ አለማወቅም ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ቁልፍ ይዘህ ወጥተህ ብታየው የሚጠፋ አለማወቅ ነው፣ የጥገና ባለሙያ ነህ፣ ስራህ እሱን ማወቅ ነው። አውቆ የተኛን ቢጠሩት አይሰማም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ድሮ ጀምሮ አለማወቅን በሁለት ይከፍሉታል፣ ሰው የቻለውን ሁሉ ቢያደርግ እንኳ ሊያመልጠው የማይችለው አለ፣ ትንሽ ቢጥር የሚያሸንፈው አለ። የመጀመሪያው ነጻ ያወጣል። ሁለተኛው እንደ ስንፍናው መጠን ያስጠይቃል፣ ሆን ብሎ እንዳያውቅ ፊቱን ያዞረውማ እንዲያውም ይብስበታል፣ አይቶ እንዳላየ መሆን ራሱ ስራ ነው።

ጸጸት ላይም አርስቶትል የሚገርም ነገር አለው። ሳያውቅ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካወቀ በኋላ ካላዘነ፣ ያንን ሰው ያለፈቃዱ አደረገው ለማለት ይከብደዋል፣ በፈቃዱም ባይሆን። ሀዘኑ ነው ስራው ከፈቃዱ ጋር የተጋጨ እንደነበር የሚያሳየው። ያንተ ጭንቀት በዚህ በኩል መልካም ምልክት ነው። ፊርማውን ግን አያጥበውም።

«እስካሁን ምንም አልሆነም» ያልከው ነገር እኔን ትንሽ ያሳስበኛል። እዛ ውስጥ የተደበቀ ተስፋ አለ፣ ምንም ካልሆነ ምንም አላደረግኩም የሚል። ፈላስፎቹ በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 የሞራል እድል በሚል ርእስ ይሄን ነገር አንስተው ነበር፣ ኔግል የሰጠው ምሳሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፦ ፍሬኑን በጊዜው ሳያስፈትሽ የነዳ ሹፌር፣ አንዱ ፊት ልጅ ገባበትና ገደለ፣ ሌላው ፊት ማንም አልገባበትም። ሁለቱም ያደረጉት ነገር አንድ አይነት ነው። አንዱ እድሜ ልኩን ሲያለቅስ ይኖራል፣ ሌላው አስታውሶትም አያውቅ። ይሄ ፍትሃዊ ነው? ፈላስፎች ገና አልተስማሙም፣ ስሜታችን ለሞተው ልጅ ያደላል፣ ያንን ከሰው ማውጣትም አይቻልም፣ መውጣትም ያለበት አይመስለኝም። እኔ የምለው ግን እድል የሚቀይረው የደረሰውን ጉዳት ነው፣ የሰራኸውን ስራ አይቀይረውም። አንተ ያን ጠዋት የወሰንከው ውሳኔ፣ ሊፍቱ ወደቀም አልወደቀም፣ ያው ውሳኔ ነው። እስካሁን ሁለተኛውን ሹፌር ሆነሃል።

የአንጎል ሳይንስ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም ብሏል የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም፣ እሱንም ጠቀስ አድርጌ ልለፍ። የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊበት በ1983 ባሳተመው ሙከራ ሰዎች ፈልገው ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ የመፈለጉ ስሜት ከእንቅስቃሴው 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም አንጎላቸው ውስጥ ያለው ዝግጅት ግን 550 ሚሊሰከንድ አካባቢ ቀድሞ ይጀምራል፣ ስለዚህ አንጎልህ ወስኖ ጨርሶ ነው የሚነግርህ ተባለ። በ2012 እነ አሮን ሹርገር ያንኑ ምልክት ሲመረምሩት ውሳኔ ሳይሆን ዝም ብሎ የሚዋዥቅ የአንጎል ጫጫታ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል አሉ። ይሄን ሁሉ ተወው፣ ሙከራው ያለምንም ምክንያት ጣት ስለማንቀሳቀስ ነው። ያንተ ደግሞ ምክንያት ያለው፣ ዛቻ ያለው፣ ማመንታት ያለው፣ በኋላም «ለምን?» ተብለህ የምትመልስበት ነገር ነው። ለምን ተብሎ የሚጠየቅና መልስ ያለው ስራ፣ እሱ ነው የሰው ስራ።

አለቃህስ? እሱን የረሳሁት እንዳይመስልህ። የእሱ ከአንተ ይበልጣል፣ ስልጣን አለው፣ ዛቻውን የፈጠረው እሱ ነው፣ ምናልባት የአንተንም ፈረቃ ያወጣው እሱ ነው። ግን ኃላፊነት ሁለት ሰው ሲያነሳው የሚቀል ሸክም አይደለም፣ የእሱ ስለበዛ ያንተ አያንስም፣ አስገዳይ ስላለ ገዳይ አይጠፋም። አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም ውጤቱን በ1963 ያሳተመው ሙከራ ላይ ከ40 ሰዎች 26ቱ ተመራማሪው ቀጥሉ ስላላቸው ብቻ የማያውቁትን ሰው 450 ቮልት በኤሌክትሪክ እያነዘሩት መስሏቸው እስከ መጨረሻው ሄዱ፣ በእርግጥ ሽቦው ውሸት ነበር፣ ሰውየው አልተነዘረም። ስራ አጣለሁ ብሎ የፈራም አልነበረም፣ ካባ የለበሰ ሰው «ሙከራው መቀጠል አለበት» ስላላቸው ብቻ። ሲታዘዙ ስራው ከእነሱ ወጥቶ ወደ አዛዡ የሄደ ይመስላቸዋል። 14ቱ ግን አቆሙ፣ ያውም አብዛኞቹ ተሳታፊዎች እንደተንቀጠቀጡት እየተንቀጠቀጡ። በተባበሩት መንግስታት የአለም አቀፍ ህግ ኮሚሽን በ1950 የተጻፈው፣ ናዚዎች ከተዳኙበት ከኑረምበርግ ችሎት የተወሰደው አራተኛው የኑረምበርግ መርህም የበላይ ትእዛዝ ከኃላፊነት አያድንም ካለ በኋላ «የሞራል ምርጫ በእርግጥ የሚቻለው ከነበረ» የምትል ቃል ይጨምራል። እቺ ቃል ነች ሁለቱንም ጓደኞችህን የምታስታርቀው። ይቻልህ ነበር? በጣም ይከብድህ ነበር፣ ያስከፍልህ ነበር፣ ግን ይቻልህ ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄህ፦ አዎ በፈቃድህ ነው፣ ወደህ አይደለም። አማርኛ ላይ «ወደህ» እና «ፈቅደህ» አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም፣ ሰው የማይወደውን ነገር ፈቅዶ ሊያደርግ ይችላል፣ በየቀኑም ያደርጋል። ትጠየቅበታለህ፣ ግን አስልቶ ለትርፍ ብሎ የፈረመ ሰው በሚጠየቀው ልክ አይደለም፣ ድካምህም ፍርሃትህም ይቀንሱልሃል።

አሁን ግን እስካሁን ያልጠየቅከኝን ነገር ላንሳ፣ ከፊርማው ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። አለማድረግም ስራ ነው። አኩዊናስ መርከብ ነጂው መሪውን ባለመያዙ መርከቡ ቢሰጥም፣ መያዝ እየቻለና እየተገባው ካልያዘ መስጠሙ የሱ ነው ይላል፣ ምንም ሳያደርግ። ያን ጠዋት ለፊርማህ ሰበብ ነበረህ፣ 20 ሰዓት ያልተኛ ሰውነት፣ ፊትህ የቆመ አለቃ፣ ለማሰብ ሁለት ሰከንድ። ከዛ ወዲህ ግን ተኝተሃል፣ አለቃህ ፊትህ አልቆመም፣ ይሄን ሁሉ አስበህ እስክትጽፍልን ድረስ ጊዜ ነበረህ። ያን ቀን የነበሩህ ማቅለያዎች አንድ በአንድ እየወደቁ ነው፣ ወረቀቱ ግን አሁንም «ታይቷል» እንዳለ ነው። በየቀኑ ሳትናገር ስትቀር ያቺን ፊርማ በእርጋታና በሙሉ አእምሮ እንደገና እየፈረምካት ነው፣ አሁን ደግሞ «አስፈረመኝ» የምትልበት ሰው አጠገብህ የለም።

ሄደህ ፍሬኑን ማየት ትችላለህ፣ ቁልፉ አንተ ጋ ነው። ደህና ሆኖ ካገኘኸው «ዛሬ ነው ያየሁት» ብለህ በትክክለኛው ቀን ጻፍ፣ ካልሆነ ሊፍቱ እንዲቆም አድርግ፣ አለቃህ እምቢ ካለ ከእሱ በላይ ላለው በጽሁፍ አሳውቅ። ሊያባርሩህ ይችላሉ፣ አያባርሩህም ብዬ አልዋሽህም።

እና ከሁሉ በፊት ይሄን መልስልኝ፣ ሊፍቱ አሁን ይሰራል?